ከደጅ ጥናት ወደ ስልክ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ርእሱን ስንመርጥ ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን ስለ ጠፈር፣ አንዳንዶቻችን ስለ ዓባይ ግድብ ይሁን ብለን ነበር። በመጨረሻ ግን በዚህ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ በዐይናችን ያየነውን ከመናገር የሚሻል አላገኘንም፤ ይኸውም የመንግሥት ጉዳይ ከመስኮት ወደ ኢንተርኔት በመሻገሩ በመካኒሳ ሰው ላይ የደረሰው ነገር ነው።

አባቶቻችን ደጅ መጥናት የሚሉት ነገር አለ። ደጅ ጠኚ ማለት ጉዳዩ እስኪሰማለት ድረስ ከትልቅ ሰው በር ላይ የሚውል ሰው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጌታው በር የመሥሪያ ቤት በር ሆነ። በ1967 ዓ.ም. ቀበሌ ሲቋቋም ደግሞ በሩ ወደየሰፈሩ ቀረበ፤ ደጅ ጥናቱ ግን ከበሩ ጋር አብሮ መጣ እንጂ አልቀረም። በዚህ ሁሉ ዘመን ከአጥሩ ሥር የሚቀመጥ አንድ ሰው ነበረ፤ እሱም ማመልከቻ ጸሐፊው ነው። ፊደል ያልቆጠረ ባለጉዳይ የቤቱን ጉድ ሁሉ ለእሱ ይዘረግፍለታል፤ እሱም ሳንቲሙን ተቀብሎ አሳምሮ ይጽፍለታል። አያቶቻችን እንደ ነገሩን የሰፈሩን ገበና ከንስሐ አባት ቀጥሎ የሚያውቀው ይኸው ጸሐፊ ነበር። እባካችሁ ይህን ሰው አትርሱብን፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ዛሬ ነገሩ በፍጥነት እየተለወጠ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት ዐዋጅ ቁጥር 1205 በኮምፒዩተር የተላለፈ ጽሑፍ በሕግ ፊት እንደ ወረቀት እንዲታይ መንገድ ከፈተ። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር መጣና የመብራቱን ሒሳብ ከቤት ሆኖ መክፈል ተቻለ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ በዐዋጅ ቁጥር 1284 የፋይዳ መታወቂያ ሕጋዊ መሠረት አገኘ። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. መሶብ የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት የ12 የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ባንድ ጣራ ሥር ተሰበሰበ። ስሙን ያወጣው ሰው ይመስገን፤ ለየብቻው ሲበላ የኖረ መሥሪያ ቤት ካንድ ማዕድ ሲቀርብ ማየት ደስ ያሰኛል።

የዚህን ጥቅም ለማየት ሩቅ መሄድ አላስፈለገንም። ሰፈራችን መካኒሳ መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተቋቋመ የቆየ ትምህርት ቤት ያለበት ሰፈር ስለ ሆነ የእጅ ቋንቋ በታክሲም በሱቅም ማየት ለምደናል። መስማት ከተሳናቸው ጎረቤቶቻችን አንዱ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወረፋ ይዘው ከጧት እስከ ቀትር ከቆሙ በኋላ ስማቸው ተጠርቶ ማለፉን ያወቁት መስኮቱ ሲዘጋ ነው። የጠራቸው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ጮኾ ጠርቷል። ዛሬ መልእክቱ በጽሑፍ ከስልካቸው ላይ ሲደርስ ከሁላችን ቀድመው ያነባሉ። ይህን አይተን ደጅ ጥናት የቀረ መስሎን ነበር።

እንግዲህ በጥቅምት ወር በቤተ መጻሕፍታችን ጠረጴዛ ዘርግተን ወላጆችንና ጎረቤቶችን ቅጽ በመሙላት ለመርዳት ጀመርን። ለእኛ ቀላል ሥራ ነበር። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና እንኳ በ2016 ዓ.ም. ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር የተሰጠ ስለ ሆነ ከእኛ ዕድሜ ይህን የሚፈራ የለም። ነገር ግን ወደ ጠረጴዛችን የመጡት ሰዎች እንደ እኛ አልነበሩም።

አንዲት እናት መጡ። ፋይዳ ሲመዘገቡ የሰጡት ስልክ ወደ ዐረብ አገር የሄደው ልጃቸው ትቶላቸው የነበረ፣ በኋላም የተዘጋ ቁጥር ነው። ሰውየው እውነተኛው ባለቤት መሆኑን ለማረጋገጥ የሚላከው ስድስት አኃዝ የሚሄደው ወደዚያው ወደ ተዘጋው ቁጥር ነው። ሦስት ጊዜ ሞከርን፤ አልሆነም። እሳቸውም ዝም ብለው ሲያዩን ቆይተው፣ «ልጆቼ፣ እኔ ፊታችሁ ተቀምጬ እኔ ነኝ ስላችሁ የማይታመነው ለምንድን ነው?» አሉን። ቁጥሩን ለማስለወጥ በአካል ወደ መመዝገቢያው መሄድ እንደሚያስፈልግ ነገርናቸው። ጉልበታቸውን እያሻሹ ተነሡ። የሸሹት ወረፋ እዚያ ይጠብቃቸዋል።

በሌላ ቀን ደግሞ አንድ ስም በላቲን ፊደል በሦስት ወረቀት ላይ በሦስት ዐይነት ተጽፎ አገኘን፤ የትኛው ትክክል እንደ ሆነ ባለቤቱም አላወቁም። ቀድሞ «ኀላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ይባል የነበረውም ዛሬ «ሲስተም የለም» ሆኗል። ይህን ስንል ወላጆቻችን ሲስቁ እንሰማለን።

አሁን ግን የማያስቀውን እንናገር። ሰዎች የምስጢር ቁጥራቸውን ለእኛ ይነግሩን ጀመር። እኛም እንዳይረሱት ብለን ካንድ ደብተር ላይ ከስማቸው አጠገብ እየጻፍን አስቀመጥነው። በደግነት ያደረግነው ነው። በታኅሣሥ ወር ደብተሩ ጠፋ። በውስጡ የ31 ሰዎች ቁጥር ነበረበት። ለሁለት ቀን ፈለግነው፤ ከመካከላችን ያልተኛ ነበረ። በኋላ የቤተ መጻሕፍቱ ጽዳት ሠራተኛ ከወንበር ሥር አግኝተው ከመሳቢያ ውስጥ አኑረውት ተገኘ። የማንም ገንዘብ አልተነካም። ቢሆንም ተከፋፍለን ከቤት ወደ ቤት ሄደን ለ31ዱም ነገርን፤ ቁጥራቸውንም ባሉበት አስለወጥናቸው። ብዙዎቹ ስቀው ቡና አፈሉልን። አንድ አባት ግን ተቆጡ፤ «ኪሴን አምኜ የሰጠኋችሁ ልጅ ናችሁ ብዬ ነው» አሉ፤ ከዚያም ወዲህ አልመጡም። ልክ ነበሩ።

ከዚህ በኋላ ነው ያን የአጥር ሥር ጸሐፊ ያስታወስነው። ለካ እሱን የተካነው እኛው ነን። ከእኛ አንዱ የእናቱን ቅጽ ሲሞላ ከዚያ በፊት ሰምቶት የማያውቀውን የቤተ ሰቡን ታሪክ ከእናቱ አፍ ሰማ፤ እናት በልጅ ፊት እንዲህ ያለውን ለመናገር የተገደደችው ቅጹን ራስዋ ለመሙላት ስላልቻለች ነው። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷል። ሕጉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከልጅ ፊት የሚጠብቅ አይመስለንም።

ከመካከላችን ኮምፒዩተር ለማጥናት የሚያስቡ አሉ። ለእነሱ የምናነሣው የኢስቶኒያን ነገር ነው። ይህች ትንሽ አገር ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ መሥሪያ ቤቶችዋን እርስ በርሳቸው ስላገናኘች፣ መንግሥት አንድ ጊዜ የተቀበለውን መረጃ ዜጋውን ደግሞ እንዳይጠይቅ ለማድረግ ቻለች። በእኛ ዘንድ በስልክ ከሞሉ በኋላም «ኮፒውን ይዘው ይምጡ» የሚባልበት ጊዜ አለ። መጠየቁ ከቀነሰ ጸሐፊም ያን ያህል አያስፈልግም። የቀረውን ጥያቄ ደግሞ ስልኩ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሌሎቹም ቋንቋዎቻችን በድምፅ ቢጠይቅ፣ መስማት ለተሳነው በሥዕልና በእጅ ቋንቋ ቢያሳይ፣ እናቶቻችን ማንንም ሳይጠሩ ከጓዳቸው ሆነው ይመልሱ ነበር።

እስከዚያው ጠረጴዛችን አይታጠፍም። እኛ ወደ ፈተናችን ስለምንሄድ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ይረከቡናል፤ ደብተር ግን አናስረክባቸውም፤ አቃጥለነዋል። ወላጆቻችን ሆይ፣ ቅዳሜ ከጧቱ በ3 ሰዓት ስትመጡ ስልኩ ከእጃችሁ አይውጣ። ልጆቹ ከጎናችሁ ቆመው ያሳዩአችኋል፤ የምስጢር ቁጥሩን በምትነኩበት ጊዜም ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዲያዞሩ ነግረናቸዋል።