ስለ ደም ብዛትና ስለ ሁለቱ ዕጢዎች



በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ «ደም ብዛት አለብኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። ለመስቀል ከአዲስ አበባ በሚመጡት አጎቶቻችን ሻንጣ ውስጥ እንኳ ከስጦታው ጋራ ክኒኑን እናያለን። የብዙዎቹ መነሻ ይህ ነው ተብሎ አይታወቅም። የአንዳንዱ ግን ከኩላሊት በላይ ከተቀመጡት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች ይመጣል። አልዶስተሮን የሚባለውን ሆርሞን ከመጠን በላይ ሲያመነጩ ጨው በሰውነት ይቀራል፤ ፖታሲየም በሽንት እየወጣ ጡንቻን ሊያደክም ይችላል።

ይህን በሽታ ለይተው የገለጡት አሜሪካዊው ሐኪም ጀሮም ኮን ናቸው። በ1954 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሚሺጋን አንዲት የ34 ዓመት ሴት ቀዶ ሕክምና ሲደረግላት በአንደኛው ዕጢ ላይ እባጭ ተገኘ፤ እርሱ ቢወጣላት ዳነች።

ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። ጥፋቱ የአንዱ ዕጢ ከሆነ ያ ዕጢ በቀዶ ሕክምና ይወጣል። የሁለቱም ከሆነ ግን ሁለቱን ማውጣት አይበጅም፤ እንደ ስፓይሮኖላክቶን ያለ መድኃኒት በየቀኑ መዋጥ ነው። በሲቲ ስካን የታየው እባጭ ምንም የማያመነጭ፣ ጥፋተኛው ደግሞ በሥዕል የማይታይ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ሐኪሞች በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አሳልፈው ከየዕጢው የሚወጣውን ደም ለየብቻ ቀድተው ያመዛዝናሉ። የቀኙ ደም ሥር አጭር ስለሆነ የሠለጠነ እጅን እንኳ ያስቸግራል፤ በየሆስፒታሉም የሚሠራ ምርመራ አይደለም።

መጀመሪያው ግን ከባድ አይደለም። ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየዋጠ ግፊቱ አልወርድ ያለው፣ ወይም ገና በወጣትነቱ ደም ብዛት የያዘው ዘመድ ካለን፣ «አልዶስተሮኔ ቢመረመርስ?» ብሎ ሐኪሙን እንዲጠይቅ እንንገረው።