ከኮታያም እስከ ሥላሴ ኮሌጅ፦ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረ ሥራ

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ በዓል ላይ፣ ሃያ ሁለት በሚገኘው አዳራሽ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ሃያ ደቂቃ ሰጥተውኛል። ኢንጂነሮቹና ሐኪሞቹ «ይኼ ሰውዬ ዛሬ ስብከት ሊያሰማን ነው» ብላችሁ አትስጉ። የማወራው ስለ ሥራ ነው። በተለያየ አገር ያሉ፣ በተለያየ ቋንቋ የሚጽፉ ምሁራን እንዴት አብረው ይሠራሉ? ከዚህ ከሃያ ሁለት መገናኛ ለመድረስ አንድ ሰዓት በሚፈጅበት ከተማ ተቀምጦ ከህንድና ከሶርያ ጋር ስለ መተባበር ማውራት ሊያስቅ ይችላል። ነገር ግን ተሞክሯል፤ የተሞከረውም እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ የእኛም ዩኒቨርሲቲ በነገሩ ውስጥ አለበት።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፦ የህንድ መምህር ያላስተማረው እጁን ያንሣ። ... እንዳሰብኩት ነው። ሒሳቡንም ፊዚክሱንም ያስጠኑን እነሱ ናቸው። እንግሊዝኛቸውን እየኮረጅን እንስቅ ነበር፤ ፈተናውን ግን በእነሱ አለፍን። ብዙዎቹ ከኬራላ የመጡ ነበሩ። ከእነዚያም ውስጥ ብዙዎቹ ሐዋርያው ቶማስ አስተማረን የሚሉ ክርስቲያኖች እንደነበሩ፣ አንዳንዶቹም ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጋር በአንድ እምነት የሚቆርቡ እንደነበሩ ያኔ ያወቅን ጥቂቶች ነን። ለእኛ ሁሉም «ሚስተር» ነበሩ።

ከእነዚያ መምህራን አንዱ ፖል ቨርጊስ ይባሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ለማስተማር መጡ፤ አማርኛ ተማሩ፤ ሄደው በ1950ዎቹ አጋማሽ ተመልሰው በቤተ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪ ሆነው ሠሩ። ኋላ በአገራቸው ጳጳስ ሆነው ጳውሎስ ማር ጎርጎርዮስ ተባሉ፤ በ1983ም ከዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ፕሬዚዳንቶች አንዱ ሆኑ። እኚህ ሰው አዲስ አበባን እንደ ቤታቸው ያውቋት ነበር። ሁለተኛው ቪ. ሲ. ሳሙኤል ናቸው። በዬል ዩኒቨርሲቲ ስለ አንጾኪያው ሳዊሮስ ትምህርት ጽፈው እ.ኤ.አ. በ1957 የዶክትሬት ማዕርግ ያገኙ ሊቅ ሲሆኑ፣ በዩኒቨርሲቲያችን ሥር በነበረው በቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ ለዓመታት አስተምረዋል። ስማቸውን ያዙልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ።

አሁን ወደ ጉባኤው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 7 ቀን 1957 ዓ.ም. በሥላሴ ዕለት የግብፅ፣ የሶርያ፣ የአርመን፣ የህንድና የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአፄ ኃይለ ሥላሴ ጥሪ አዲስ አበባ ተሰበሰቡ። ከእስክንድርያ ቄርሎስ 6ኛ፣ ከአንጾኪያ አግናጥዮስ ያዕቆብ 3ኛ፣ ከኤጭሚያዚን ቫዝገን 1ኛ፣ ከኪልቅያ ኮረን 1ኛ፣ ከህንድ ባስልዮስ አውጌን 1ኛ መጡ፤ በእኛ በኩል ፓትርያርኩ አቡነ ባስልዮስ ነበሩ። ጉባኤው እስከ ጥር 13 ስለቆየ ጥምቀት በመካከሉ ዋለ። ካልኩላተር ይዞ ያቀደው ሰው ካለ ጎበዝ ነው! ለእንግዳ አዲስ አበባን ለማሳየት ከጥምቀት የተሻለ ቀን የለም።

ከአምስቱ አራቱን አስተውሏቸው። ሶርያ፣ አርመን፣ ህንድ የእስያ ናቸው፤ ግብፅም ደጃፏ እስያ ነው። ስለዚህ የእስያ ክርስቲያን ሊቃውንት በአንድነት እንዲሠሩ ለማድረግ ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ፣ በእኔ ግምት ከትልልቆቹ አንዱ፣ የተጠነሰሰው በአፍሪካ ምድር ነው። እነዚህ አብያተ ክርስቲያናት በእምነት አንድ ሆነው ለዘመናት ተለያይተው ኖረዋል። አንዱ በዐረብ መካከል፣ አንዱ በቱርክና በሩሲያ መካከል፣ አንዱ በሂንዱ ባሕር ውስጥ፣ እኛ በተራራችን ላይ።

በአጀንዳው ላይ ዘመናዊው ዓለም ነበረ፤ ስብከተ ወንጌል ነበረ፤ ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ጋር ያለን ግንኙነት ነበረ፤ ስለ ዓለም ሰላምና ፍትሕ መግለጫ ነበረ። የእኔን ልብ የሚነካው ግን በነገረ መለኮት ትምህርት ስለ መተባበር የሚለው ነው። ሌላው ደግሞ ግንኙነቱን ቋሚ የሚያደርግ አካል ስለ ማቋቋም የሚለው። ፎቶግራፍ ተነሥቶ መለያየት ቀላል ነው። ከፎቶው በኋላ ደብዳቤ የሚጽፍ ማን ነው? የዚህ የእኛ ማኅበር ጸሐፊዎች የነበራችሁ ታውቁታላችሁ።

ከመሪዎቹ ጉባኤ ትንሽ ቀደም ብሎ ሌላ ሥራ ተጀምሮ ነበር። በ451 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በኬልቄዶን ጉባኤ ከግሪኮቹ ጋር ተለያየን። እነሱ እኛን «የክርስቶስን ሰውነት የሚውጡ» አሉን፤ እኛ እነሱን «ክርስቶስን ለሁለት የሚከፍሉ» አልናቸው። ዐሥራ አምስት መቶ ዓመት! በነሐሴ 1956 ዓ.ም. ዴንማርክ ውስጥ ኦርሁስ በምትባል ከተማ የሁለቱም ወገን ሊቃውንት ተቀመጡ። የተቀመጡትም እንደ ቤተ ክርስቲያን መልእክተኛ አልነበረም፤ እንደ ምሁር ነበር። ይህ ብልኃት ነበር። መልእክተኛ የተላከውን ይናገራል፤ ምሁር ያነበበውን ይናገራል። ቨርጊስ ከአዘጋጆቹ አንዱ ነበሩ፤ ሳሙኤል ጽሑፍ አቀረቡ፤ ከእኛ ሊቀ ሥልጣናት ሀብተ ማርያም ወርቅነህና በዩኒቨርሲቲያችን ያስተምሩ የነበሩት ዶክተር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። ከግሪኮቹና ከሩሲያውያኑ ወገን እነ ፍሎሮቭስኪ፣ እነ ማየንዶርፍ ነበሩ። ተነጋግረው የደረሱበት ነገር አጭር ነው፤ ሁለታችንም የእስክንድርያውን የቅዱስ ቄርሎስን ቃል እንይዛለን፤ አውጣኪን ሁለታችንም እናወግዛለን፤ በቃል ብንለያይም እምነቱ አንድ ሆኖ አገኘነው።

ከዚያ በ1959 ብሪስቶል፣ በ1962 ጄኔቫ፣ በጥር 1963 አራተኛው እዚሁ አዲስ አበባ። የአዲስ አበባው ከባድ ጥያቄ ነበረበት፦ አንዱ ወገን ቅዱስ ያለውን ሌላው ሲያወግዘው የኖረ ነው፤ ታዲያ ውግዘቱ እንዴት ይነሣል? እኔ ያኔ የኮሌጁ ተማሪ ነበርኩ። ከቆሎ ትምህርት ቤት የመጣን ልጆች ማታ ማታ በመኝታ ክፍላችን ከጉባኤው በላይ ተከራክረናል። «ዲዮስቆሮስን ቅዱስ ካላሉ ምን ስምምነት አለ!» የሚል ነበር፤ «ልዮንንስ እኛ ምን ልንል ነው?» የሚል ነበር። መብራት ሲጠፋ ነበር የሚያበቃው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። እንዲህ ያለው ትብብር የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ይመስለናል፤ ወንድማማች ነንና እንገናኝ፣ ሻይ እንጠጣ። እኔ የምለው ሌላ ነው። ያለ ትብብር ሥራው ራሱ አይሠራም። ለምን? የአባቶቻችን መጻሕፍት እንደ ውርስ ተከፋፍለው በየቤቱ ገብተዋል። ሳዊሮስ የጻፈው በግሪክኛ ነው፤ ግሪክኛው አብዛኛው ጠፍቶ መጽሐፉን ያተረፉት ሶርያውያን በሱርስት ነው። የዲዮስቆሮስ ተከታይ የእስክንድርያው ጢሞቴዎስ በኬልቄዶን ላይ የጻፈው ትልቁ መልስ የተረፈው በአርመንኛ ነው። የቄርሎስን ጽሑፍ የያዘው የእኛ «ቄርሎስ» ደግሞ በአክሱም ዘመን በቀጥታ ከግሪክኛ የተመለሰ ነው። «ሃይማኖተ አበው» ከግብፆች ዐረብኛ የመጣ ነው። እንግዲህ አንዱ ቤት ራሱን ችሎ ሙሉ ታሪኩን ሊያነብ አይችልም። አርመኑ የሶርያውን ይፈልጋል፤ ሶርያዊው የእኛን ይፈልጋል።

ሳሙኤልን ያዙልኝ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። አስቡት፤ እኚህ ህንዳዊ ሳዊሮስን ፍለጋ አሜሪካ ድረስ ሄደዋል። አዲስ አበባ ሲመጡ፣ ከኮሌጁ ብዙም በማይርቅ ደብር፣ የሊቃውንት መጻሕፍት መምህሩ የሳዊሮስን ቃል ከሃይማኖተ አበው በግእዝ እየነበቡ በአማርኛ ይተረጉማሉ፤ ተማሪው ዙሪያውን ቁጭ ብሎ ይሰማል። አንደኛው እንግሊዝኛና ሱርስት፣ ሌላኛው ግእዝና አማርኛ። ሁለቱ መምህራን የሚያነቡት አንድ ሰው ነው! በመካከላቸው ግን ድልድይ የሚሆን ሰው ያስፈልግ ነበር፤ ኮሌጁም ያን ሰው ለማፍራት ነበር የተቋቋመው። ከቆሎ ትምህርት ቤት ወጥተን በዩኒቨርሲቲ በር የገባን ልጆች ለዚያ ነበር የታጨነው።

ከዚያ የሆነውን ታውቁታላችሁ። አብዮቱ መጣ። አቡነ ቴዎፍሎስ ከመንበራቸው ወረዱ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። ኮሌጁ ተዘጋ፤ የተከፈተው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ዶክተር ጌታቸው በጥይት ተመተው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ሆነው፣ አሜሪካ ሚኒሶታ ገብተው የግእዝ መጻሕፍትን ዝርዝር ሲያዘጋጁ ኖሩ። ሳሙኤል ወደ ህንድ ተመለሱ፤ ስለ ኬልቄዶን የጻፉት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1977 እዚያ ታተመ። እዚህ የተዘራው እዚያ በቀለ ማለት ነው፤ አልቀናም፣ ደስ ይለኛል፤ ግን በአማርኛ የሚያነበው ተማሪ የት ነው ያለው?

በሌሎቹም በኩል መንገዱ አልጋ በአልጋ አልነበረም። የህንዱ ቤተ ክርስቲያንና የአንጾኪያው መንበር ዳግመኛ ተጣሉ፤ ሊባኖስ በጦርነት ተቃጠለች። ከግሪኮች ጋር ያለው ንግግር በይፋ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1989 እና በ1990 ከስምምነት ደረሰ። ከ1998 ጀምሮ ደግሞ በመካከለኛው ምሥራቅ ያሉት ሦስቱ፣ ማለትም ግብፅ፣ ሶርያና የኪልቅያ አርመን፣ በየጊዜው የሚገናኙበትን ሥርዓት አበጁ። እኛና ህንዶች ከዚያ ክበብ ውጭ ነን። የ1957ቱን ጠሪ አገር ሳስብ ይህ ይከነክነኛል።

በእኔ አስተያየት የጎደለው ስብሰባ አይደለም። የስብሰባ ችግር ኖሮብንም አያውቅ! የጎደለው ከስብሰባው በታች ያለው ነው፤ ሁለት ዓመት ኮታያም ተቀምጦ ሱርስት የሚማር ዲያቆን፤ አንድ ዓመት አዲስ አበባ ወይም ጎንደር ተቀምጦ ግእዝ የሚማር የህንድ ቄስ፤ የእኛን ቄርሎስ የሚተረጉም ሰው። ጀርመናዊው ቫይሸር ግእዙን ከጀርመንኛ ትርጉም ጋር አሳትሞታል፤ ምስጋና ይገባዋል። ነገር ግን የኬራላ ሰው የኢትዮጵያን መጽሐፍ ለማንበብ ጀርመንኛ መማር አለበት? በአንድምታው ያለው የመምህራኑ ሐተታም አለ። ያን በቃል የያዙት መምህራን ደግሞ እየሄዱብን ነው። እኔ የተማርኩባቸው ሁለቱም የሉም።

ለዚህ ለማኅበራችን ያቀረብኩት ሐሳብ ትንሽ ነው፤ ለሥራ አመራሩም በጽሑፍ ሰጥቻለሁ። በየዓመቱ ለአንድ ተማሪ፣ ለአንድ ብቻ፣ የጉዞና የቀለብ ወጪ እንሸፍን። አንድ ዓመት ከእኛ ወደ እነሱ፣ በሚቀጥለው ከእነሱ ወደ እኛ። ምርጫውን ኮሌጆቹ ያድርጉት፤ እኛ እጃችንን አናስገባ። ሁለተኛ፣ የመምህራኑ ትርጓሜ በድምፅ ይቀረጽ፤ ለዚህ የኤሌክትሪካል ልጆች ከእኔ ይልቅ ታውቁበታላችሁ፤ ቀረጻው በዚህ ክረምት ቢጀመር መልካም ነው። ሦስተኛ፣ ከመካከላችን ዐረብኛ፣ ሱርስት፣ አርመንኛ ወይም ማላያላም የሚያነብ ካለ ስሙን ይስጠን። እዚህ ከተማ ያሉትን አርመኖችም እንጠይቃለን፤ ቤተ ክርስቲያናቸው እዚሁ ነው፣ ዴንማርክ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

መዝገቡ መግቢያው ጋ ካለው ጠረጴዛ ላይ፣ ከባጁ አጠገብ ነው። ሁለት ዓምድ አለው፤ በአንዱ ቋንቋ፣ በሌላው ስልክ። ከምሳ በፊት ብትጽፉ ይሻላል፤ ከምሳ በኋላ ማንም ሰው እንደማይገኝ ከልምድ አውቃለሁ።