የአኩሪ አተር ዘር የሚያርፍበት ፈር



በፓዌና በአካባቢዋ አኩሪ አተር የሚዘራ አርሶ አደር ማሳው ሳስቶ ሲበቅል አስቀድሞ የሚጠረጥረው ዘሩን ነው። ዘሩን ያከፋፈለው ማኅበርም አብሮ ይወቀሳል። ብዙ ጊዜ ግን ችግሩ ያለው ዘሩ ባረፈበት ፈር ውስጥ ነው።

ማሳን በሙሉ ደጋግሞ ማረስ የቆየ ልማድ ነው። ተዳፋት ላይ ያለ ቀይ አፈር ከመጠን በላይ ሲደቅ ግን ብርቱው የክረምት ዝናብ ጠርጎ ይወስደዋል፤ የቀረውም ላዩ እንደ ቅርፊት ይደርቃል። የዘር መስመሩን ብቻ ማረስ ይህን ጉዳት ይቀንሳል። ተዳፋቱን አግድም በማቋረጥ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ፈር ይቀደዳል፤ አፈሩ እንዲላላም ማረሻው በዚያው ፈር ይደገማል። በመካከል ያለው መሬት ሳይታረስ የአምናውን የበቆሎ አገዳ እንደለበሰ ይቆያል። ከአዝመራ በኋላ ከብት በልቅ ከገባ ግን አገዳው አይተርፍም። ይህ የቀበሌውን ነዋሪዎች ስምምነት የሚጠይቅ ነው።

የአኩሪ አተር ፍሬ ለመብቀል የክብደቱን ግማሽ ያህል ውኃ መምጠጥ አለበት፤ በቆሎ ከዚህ ያነሰ ይበቃዋል። ሲወጣም ሁለቱን ክኮች በታጠፈ አንገቱ እየጎተተ ነው። ጓል በበዛበት ፈር አፈሩ ፍሬውን በደንብ አይነካውም። ጭቃ ሳለ የተቀደደ ፈር ጎኑ ይለሰናል፤ ሲደርቅ ሥር አይበሳውም። ላዩ ከጠነከረ ደግሞ አንገቱ ይሰበራል።

ስለዚህ ከመዝራት በፊት ከ5 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ዘግኖ መጨበጥ ይገባል። እንደ ሊጥ ተድቦልቡሎ በአውራ ጣት ሲጫኑት ካልፈረሰ ጥቂት ቀን ይቆይ። ሳይያያዝ ከእጅ ከፈሰሰ ዝናብ ይጠበቅ። ተያይዞ ሲነኩት ከፈረሰ የመዝሪያው ቀን ደርሷል። ፍሬው ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ፣ በ5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይዘራል፤ ከተሸፈነ በኋላ በእግር ቀስ ተብሎ ይረገጣል። ማዳበሪያ ፍሬውን መንካት የለበትም። በባክቴሪያ የታሸ ዘር ከፀሐይ ተጠብቆ በዕለቱ ይዘራ።

ዘዴው ዋጋ አለው። ያልታረሰው መሬት አረም ስለሚያበቅል ከዘር በፊት መጽዳት፣ ቡቃያው ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሞላውም መታረም ይኖርበታል። ውኃ በሚያቁር ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ ከሁሉ በፊት የማጠንፈፊያ ቦይ ያስፈልጋል።

አባላት ማሳቸውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ለዚህ ዘዴ እንዲሰጡ አይመከርም። ግማሽ ጥማድ በዚህ ዘዴ፣ ግማሽ ጥማድ በነባሩ ይዘራ። ዘሩም አስቀድሞ ይፈተሽ፤ 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ስንቱ እንደበቀለ ይቆጠር። ያን ጊዜ ማሳው ቢሳሳ ጥፋቱ የዘሩ ይሁን የፈሩ በግልጽ ይለያል፤ ማኅበሩና አባሉም ያለ ጥርጣሬ ይነጋገራሉ።

መልካም የምርት ዘመን ይሁን!