ባጃጅ መንገድ ላይ ሲቆም ቤንዚኑ የት ቀረ?
በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ባጃጅ ሞተር ነው። ከመካከላችን በማኅበሩ ብድር ባጃጅ ገዝተን የምንነዳ አለን፤ ለሾፌር ሰጥተን የዕለት ገቢ የምንቀበልም አለን። ባጃጁ አንድ ቀን ከቆመ የዚያን ቀን ገቢ አናገኝም፤ የብድሩ ክፍያና የዕቁቡ ቀን ግን አይጠብቁንም። በዚያ ላይ ስለ ሞተሩ ምንም ካላወቅን፣ ጋራዥ ስንገባ የተነገረንን ከመክፈል ሌላ ምርጫ የለንም። ሁላችንም መካኒክ እንሁን ማለታችን አይደለም። ችግሩ የት አካባቢ እንዳለ ለይተን መናገር እንቻል ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለ!

የምንናገረው ካርቡሬተር ስላለው የቤንዚን ባጃጅ ነው። ፓምፕ በሌላቸው ባጃጆች ቤንዚኑ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ከሰልባትዮው ይነሣል፣ በመክፈቻው ያልፋል፣ በፊልትሮው ይጣራል፣ በቱቦው አድርጎ ካርቡሬተር ይገባል። እዚያም በጠባብ ቀዳዳ እየተረጨ ከአየር ጋር ይቀላቀላል። ስንፈትሽም ይህንኑ መንገድ እንከተል።

መጀመሪያ ቀላሉን እንይ። ቤንዚን አለ ወይ? መክፈቻው ተዘግቶ ይሆን? ዋናው አልቆ ከሆነ ወደ መጠባበቂያው እናዙረው።

ሁለተኛው ክዳኑ ነው። የሰልባትዮ ክዳን አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለው። በአቧራና በጭቃ ሲደፈን ቤንዚኑ መውረድ ያቆማል። ባጃጁ ጥቂት ጊዜ ደህና ሄዶ ቀስ በቀስ የሚጠፋ፣ ትንሽ ሲያርፍ ደግሞ የሚነሣ ከሆነ ክዳኑን ከፈት አድርገን እንሞክር። ወዲያው ከተስተካከለ፣ ጥፋቱ የክዳኑ ነው፤ ማጽዳት ይበቃል።

ሦስተኛው ካንዴላው ነው። ሞተሩ ሲበርድ፣ ለማስነሣት ደጋግመን ከሞከርን በኋላ ካንዴላውን ፈትተን ጫፉን እንይ። ደረቅ ከሆነ ቤንዚኑ አልደረሰም ማለት ነው። እርጥብ ከሆነና ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ግን ደርሷል፤ እንዲያውም በዝቶ ይሆናል፤ አለዚያም እሳቱ ነው የጠፋው። ይህች አንዲት ምልክት ብዙ ልፋት ታድናለች።

ካንዴላው ደረቅ ከሆነ፣ መክፈቻውን ዘግተን ቱቦውን ከካርቡሬተሩ እንንቀል። ጫፉን ንጹሕ ጠርሙስ ውስጥ አድርገን መክፈቻውን እንክፈት። ቤንዚኑ ሳይቆራረጥ ከወረደ እስከዚያ ድረስ ያለው መንገድ ደህና ነው፤ ችግሩ ካርቡሬተሩ ውስጥ ነው። ጠብ ጠብ ካለ ግን ፊልትሮው ወይም ቱቦው ተደፍኖ ይሆናል። ሜዳ ላይ ደህና ሄዶ ዳገት ላይ ጉልበት የሚያጣ ባጃጅም ብዙ ጊዜ ፊልትሮው የቆሸሸበት ነው።

የካርቡሬተሩ ቀዳዳ ሲደፈን በአየር ተነፍቶ ይጸዳል። በሽቦ መጎርጎር ግን ቀዳዳውን ያሰፋዋል፤ ከዚያ በኋላ ባጃጁ ቤንዚን ይጨርሳል፣ ጥቁር ጭስም ያበዛል።

አሁን ወደ ቤንዚኑ ጥራት እንምጣ። ማደያ ላይ ወረፋው ሲረዝም ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን የምንገዛበት ቀን አለ። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፤ አይቀላቀልም። ስለዚህ ጥርት ባለ ጠርሙስ ጥቂት ደቂቃ ስናስቀምጠው ውሃው ከታች ተለይቶ ይታያል። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ግን እንዲህ አይለይም። ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ እናድርግና እናድርቀው፤ ጥሩ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ ነጭ ጋዝ ያለበት ቅባት የመሰለ ምልክት ይተዋል። ወረፋ ለመሸሽ ብለን የሦስት ቀን ገቢ አንጣ።

እህቶቻችን፣ ይህንን አደራ እንላለን። ይህ ሁሉ የሚሠራው ሞተሩ ከበረደ በኋላ፣ ደጅ ነው። ሲጋራ፣ ክብሪት፣ የቡና ከሰል አጠገቡ አይድረስ። አሸዋ በቅርብ ይኑር። ቤንዚን በአፍ ስቦ ማውጣት የለመደ ሾፌር ካለን እናስተወው። ወደ ሳንባ ከገባ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። የዋጠ ሰው ካለም እንዲያስመልስ ሳናደርግ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም እንውሰደው።

ጋራዥ ስንሄድ «አልነሣ አለ» ብቻ አንበል። «ክዳኑን ከፍተን አየን፣ ካንዴላው ደረቅ ነው፣ ቤንዚኑ እስከ ካርቡሬተሩ በደንብ ይወርዳል» እንበል። እንዲህ ያለችን ሴት ጥሩ መካኒክ ያከብራታል፤ ሌላውም ጠቅላላ ካርቡሬተሩ ይቀየር ከማለቱ በፊት ሁለቴ ያስባል። የተቀየረ ዕቃ ካለ አሮጌውን ተቀብለን እንውጣ።

በመጨረሻም ሁለት ሐሳብ እናቀርባለን። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ደብተር ይያዝ፤ ባጃጁ መቼ ቆመ፣ ምን ተገኘበት፣ ስንት ተከፈለ የሚለው ይጻፍበት። ሁለተኛ፣ የካንዴላ መፍቻና መለዋወጫ ፊልትሮ ያለበት አንድ የመሣሪያ ሳጥን በማኅበሩ ቢሮ ይቀመጥ። ደጋፊዎቻችን መርዳት ከፈለጋችሁ በዚህ ጀምሩልን። ዋጋው ትንሽ ነው፤ የሚያድነው ግን የብዙ ቤት የዕለት ጉርስ ነው።