ምሳ ተናግሮ ከጫሞ የወጣው ማነው?

አድማጮቻችን፣ እስኪ ይህቺን ፍቱልን፦ «ምሳ እንዲመጣለት ተናግሮ ከጫሞ ወጣ»፤ መልሱ 2 ፊደል ነው።

ዓሣ አስጋሪ አላችሁ? ፊደሉ አይበቃውም። ምሳ እንዲመጣለት ተናግሮ ማለት ምሳ «አዞ» ማለት ነው። ከጫሞ ሐይቅ ወጥቶ «አዞ ገበያ» በሚባለው ዳርቻ ፀሐይ የሚሞቀውም አዞ። ፊደላችን መጥበቅ መላላትን ስለማያሳይ ሁለቱ ሲጻፉ አንድ ናቸው።

እንዲህ ያለው ጥያቄ የክሮስወርድ፣ ማለትም ቃላት በሰንጠረዥ አግድምና ቁልቁል የሚሞሉበት ጨዋታ፣ ነው። ክሮስወርድ እ.ኤ.አ. በ1913 በኒውዮርክ ጋዜጣ ሲጀመር ጥያቄው ቀጥተኛ ነበር። ወጥመድ ያደረጉት በ1920ዎቹ እንግሊዞች ናቸው። ደንባቸው ይህ ነው፦ የጥያቄው አንዱ ጫፍ ፍቺውን ይሰጣል፤ የቀረው ቃሉ የተሠራበትን መንገድ ይጠቁማል። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይህ ምን ይከብዳል? እንደውም ጨዋታው ለእኛ የተሠራ ይመስለኛል።

ሌላ ልጨምር፦ «መነኩሴውና የሩቁ ገጥመው ሐይቅ ሆኑ»፤ 3 ፊደል። መነኩሴው «አባ»፣ የሩቁ «ያ»፤ አባያ!

አዘጋጁን የሚያስለቅሰው ሰንጠረዡ ነው። እንግሊዝኛ በ26 ፊደል ይጫወታል፤ የእኛ 33ቱ በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። አግድሙ ላይ «ሞ» ከገባ፣ ቁልቁሉም «ሞ» እንጂ «ማ» ብሎ ነገር የለም።

የመጨረሻዋ ለእናንተ፦ «ሕመሙ ዝናብ ሲጥል ይነሳበታል፤ መሐሉን ብትልጡት ግን የአርባ ምንጭ ፍሬ አለ»፤ 2 ፊደል። መልሱን ነገ በዚሁ ሰዓት።