የማታ መንገድና የእጅ ባትሪ



ከሮቤ እስከ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በቀን ቀላል መንገድ ነው። ነገር ግን ገበያ ውለን ስንዴውን በጋሪ ለገዢው ልናደርስ ስንነሣ ብዙ ጊዜ ይመሽብናል። እኛም አንድ ማታ ከጋሪ ጋር ስንሄድ ባትሪያችን መንገድ ላይ ጠፋ። ከኋላ የመጣው የጭነት መኪና ያየን አጠገባችን ሲደርስ ነው። ፈረሱ ደነበረና ጋሪው ቦይ ገባ። እኛ ተረፍን፤ ስንዴው ግን ተደፋ።

እንግዲህ ባትሪ ስንገዛ ምን እንይ?

አንደኛ፣ ሱቅ ውስጥ ቦግ ማለቱ አይበቃም። ስንት ሰዓት እንደሚያበራ እንጠይቅ። ጭነት የሚያወርድ ሰው ሁለት እጁን ስለሚፈልግ ግንባር ላይ የሚታሰረው ይሻለዋል።

ሁለተኛ፣ ድንጋዩን እንይ። አሮጌና አዲስ ድንጋይ አንቀላቅል። ብርድ ድንጋይን ያደክማል፤ የባሌን ብርድ ደግሞ እናንተ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ትርፉን ድንጋይ ከጋቢ ሥር፣ ኪስ ውስጥ እንያዝ።

ሦስተኛ፣ ጉም ሲወርድ ብርሃኑን ወደ ፊት ብንለቀው ተመልሶ ዓይናችንን ይወጋል። ዝቅ አድርገን መሬቱን እናብራ። ከጋሪው ኋላም ቀይ መብራት ወይም አንጸባራቂ እንሰር።

ድንጋዩ ላይ 1.5 የሚል ቁጥር፣ የመደመር ምልክትና ብዙ ጊዜም የሚያበቃበት ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ተጽፎበታል። ዛሬ ቁጥር ለይታችኋል። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡት።