ድምፅ ገደል ሲሻገር
የራዲዮ ሞገድ መሠረታዊ ሐሳቦች በመንዝ ደጋና ቆላ ምሳሌነት፤ ለጀማሪዎች የቀረበ ንግግር



ከአዲስ አበባ እስከ መሐል ሜዳ በቀጥታ መስመር ቢለካ ርቀቱ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሰው ድምፅ ሳይደክም ይህን መንገድ በአየር ላይ ለመጓዝ ቢችል ኖሮ ከስምንት ደቂቃ በላይ ይፈጅበት ነበር። የራዲዮ ሞገድ ግን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚጓዝ ያንኑ መንገድ ከአንድ ሺህኛ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። የመሣሪያዎቹ መዘግየት ካልታሰበ በቀር፣ በአዳራሽ ውስጥ የሚነገር ቃል በኋላ ወንበር ከተቀመጠው ሰው ጆሮ ከመግባቱ በፊት የመንዝ አድማጭ ሊሰማው ይችላል።

ፍጥነቱ የሚያስደንቅ ቢሆንም ለመንዝ ሰው ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። በጌራ ምድር ሜዳ ላይ ጥርት ብሎ የሚሰማ ጣቢያ፣ ቁልቁለቱን ወርደው ከገደሉ ሥር ሲደርሱ ስለ ምን ይጠፋል? ቀን ያልነበረው የሩቅ አገር ጣቢያስ ፀሐይ ስትጠልቅ ከየት ይመጣል? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚገኘው በማሰራጫው ጉልበት ብቻ ሳይሆን በሞገዱ ጠባይ ነው።

የራዲዮ ሞገድ የሚወለደው ከኤሌክትሮኖች ንዝረት ነው። በማሰራጫ አንቴና ውስጥ ኤሌክትሮኖች ወዲያና ወዲህ እንዲመላለሱ ሲገደዱ በዙሪያቸው ያለው የኤሌክትሪክና የመግነጢስ መስክ አብሮ ይናወጣል፤ ናወጡም በጠፈር እየሰፋ ይሄዳል። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚደረገው ምልልስ ብዛት ድግግሞሽ ይባላል። መለኪያው ኸርዝ ሲሆን ስሙ የተወሰደው በ19ኛው ምእተ ዓመት ማብቂያ ላይ የሞገዱን መኖር በቤተ ሙከራ ካረጋገጠው ከጀርመናዊው ሄንሪክ ኸርዝ ነው። የሞገዱን ርዝመት ለማወቅ 300ን በሜጋኸርዝ ለተነገረው ድግግሞሽ ማካፈል ይበቃል፤ መልሱ በሜትር ይወጣል። ለምሳሌ የአዲስ አበባው ኤፍ ኤም 97.1 ሞገድ 3 ሜትር ያህል ነው። የአማራ ክልል ራዲዮ ይታወቅበት የነበረው የ6,090 ኪሎኸርዝ አጭር ሞገድ 49 ሜትር ነው። የኢትዮጵያ ራዲዮ ለረጅም ዘመን የታወቀበት የ873 ኪሎኸርዝ መካከለኛ ሞገድ ደግሞ 344 ሜትር ይሆናል። እነዚህን ሦስት ርዝመቶች ማስታወስ ይገባል፤ የቀረው ነገር ሁሉ ከእነርሱ ይመነጫልና።

ድምፅ በራሱ ጠፈር አያቋርጥም። ማይክሮፎን ድምፁን ወደ ደካማ የኤሌክትሪክ ንዝረት ይለውጠዋል፤ ይህም ንዝረት በተሸካሚው ሞገድ ላይ ይጫናል፤ በቅሎ ጭነት እንደምትሸከም ማለት ነው። አጫጫኑ ሁለት ዓይነት ነው። በመካከለኛና በአጭር ሞገድ የተለመደው የተሸካሚውን ከፍታ ከድምፁ ጋር ማሳደግና ማሳነስ ሲሆን፣ በኤፍ ኤም ግን ከፍታው ሳይነካ ድግግሞሹ ጥቂት ከፍና ዝቅ ይላል። በክረምት ነጎድጓድ ጊዜ መካከለኛው ሞገድ የሚንኳኳው በዚህ ምክንያት ነው፤ መብረቅ ራሱ ታላቅ ማሰራጫ ስለሆነ የሚለቀው ሞገድ በከፍታው ላይ ተደርቦ እንደ ድምፅ ይሰማል። የኤፍ ኤም ተቀባይ ግን የከፍታን ለውጥ ቆርጦ ስለሚጥል ጸጥ ያለ ነው።

ተቀባዩ ዘንድ ሥራው ወደ ኋላ ይመለሳል። አንቴናው የብዙ ጣቢያ ሞገድ በአንድነት ይለቅማል። ጥቅል ሽቦና ካፓሲተር ተጣምረው ከሁሉም መካከል አንዱን ብቻ ይመርጣሉ፤ ጣቢያ መፈለጊያው ሲዞር የሚለወጠው የእነዚህ ጥምረት ነው። ዳዮዱ ጭነቱን ከበቅሎዋ ያወርዳል፤ ትራንዚስተሮች የደከመውን ንዝረት ያጎለብታሉ፤ በመጨረሻም ድምፅ ማጉያው አየሩን ያንቀሳቅሳል። ትራንዚስተር በአሜሪካ የተፈለሰፈው በ1947 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የአምፑል ራዲዮ ብዙ ኃይል ይፈልግ ስለነበር የኤሌክትሪክ መስመር በሌለበት ገጠር ብዙ ሊስፋፋ አልቻለም። በጥቂት የባትሪ ድንጋይ የሚሠራ ራዲዮ ከገበሬው ቤት የገባው በትራንዚስተር ምክንያት ነው።

ስለ ባትሪ ድንጋይ ከተነሣ፣ የደከመውን ድንጋይ ፀሐይ ላይ የማስጣት ልማድ ሊነቀፍ አይገባም። በድንጋዩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚገኘው ከኬሚካል ለውጥ ነው፤ ለውጡም በብርድ ይዘገያል፣ በሙቀት ይፈጥናል። ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ከፍ ባለው የመንዝ ብርድ ሌሊቱን ያደረ ድንጋይ ጠዋት ፀሐይ ሲያገኝ ለጊዜው ቢያንሠራራ ተገቢ ነው። አዲስ ኃይል ግን አይጨመርበትም። ያለቀው ድንጋይ ከራዲዮው ውስጥ ካልወጣ ፈሳሹ ወጥቶ የመዳቡን መያዣ ይበላዋል።

ሌላም ሁሉም የሚያደርገው፣ ግን ምክንያቱ የማይነገር ነገር አለ፤ ራዲዮን ማዞር። በራዲዮው ሆድ ውስጥ ሽቦ የተጠቀለለበት ጥቁር ዘንግ ይገኛል፤ የመካከለኛው ሞገድ አንቴና እርሱ ነው። የዘንጉ ጎን ወደ ጣቢያው ሲዞር ድምፁ ይበረታል፤ ጫፉ ሲዞር ይደክማል። መሐል ሜዳ ላይ ያለ አድማጭ አዲስ አበባን ሲፈልግ የዘንጉን ጎን ወደ ደቡብ ምዕራብ ይመልስ። ተስቦ የሚወጣው የብረት ዘንግ የሚያገለግለው ለአጭር ሞገድና ለኤፍ ኤም ነው፤ በእጅ ስልክ ላይም የጆሮ ማዳመጫው ገመድ የኤፍ ኤም አንቴና ሆኖ ስለሚሠራ ገመዱ ሲነቀል ብዙው ስልክ ጣቢያ አይዝም።

አሁን ወደ ገደሉ እንመለስ። መካከለኛ ሞገድ ቀን ላይ መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ርዝመቱ ትልቅ ስለሆነ ኮረብታን በመጠኑ ይዞራል፣ በደረቅና በድንጋያማ መሬት ላይ ግን ይደክማል። ወደ ሰማይ የሚወጣውን ክፍል፣ በአዮኖስፌር ታችኛው ንብርብር ቀን ይውጠዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ንብርብር ይከስማል፤ ሞገዱም ከላይኛው ንብርብር እየተመለሰ ከቀይ ባሕር ማዶ ያሉትን ጣቢያዎች ጭምር ያመጣል። ማታ ድምፁ ከፍ ዝቅ የሚለው በምድርና በሰማይ የመጡት ሞገዶች አንድ ጊዜ ሲደጋገፉ አንድ ጊዜ ሲጣፉ ነው።

አጭር ሞገድ ከሰማይ ይመለሳል። የአቃቂ ጣቢያ ሥራ ከጀመረ በኋላ፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ንጉሠ ነገሥቱ ለውጭው ዓለም ያሰሙት ንግግር ውቅያኖስ የተሻገረው በዚህ ሞገድ ነው። ሩቅ አገር መድረሱ ብዙ ተነግሮለታል፤ ለመንዝ የሚጠቅመው ግን ቅርብ አገር የመመለስ ችሎታው ነው። በ6 ሜጋኸርዝ ግድም ያለ ሞገድ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቢላክ፣ አዮኖስፌሩ በቂ ጥግግት ባለው ጊዜ፣ እንደ ዝናብ ከላይ ይወርዳል። ዝናብ ገደል አያግደውም። ይህም ቢሆን እንከን አለው፤ ሌሊት ንብርብሩ ሲሳሳ ዝቅ ወዳለ ድግግሞሽ መውረድ ይጠይቃል፤ የምድር መግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ስለሚያልፍም ከምሽት በኋላ ድምፁ ይርገበገባል። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በ1950 ዓ.ም. ግድም የተቋቋመበት አንዱ ምክንያት ይኸው የወገቡ ቅርበት ነው።

ኤፍ ኤም እንደ ዓይን ነው፤ የሚደርሰው ከሚያየው ቦታ ነው። የአንቴናው ከፍታ በሜትር ተወስዶ ካሬ ሥሩ በ4.12 ሲባዛ አድማሱ በኪሎ ሜትር ይገኛል። በሜዳ ላይ የቆመ የ100 ሜትር ምሰሶ 41 ኪሎ ሜትር ያያል፤ ከአካባቢው 1,000 ሜትር ከፍ ያለ ተራራ 130 ኪሎ ሜትር ያያል። ስለዚህ ከጓሳ ተራሮች ጫፍ ላይ የሚቆም ማሰራጫ የይፋትን ቆላ እስከ ሩቅ ሊያዳርስ ይችላል፤ በምዕራብ በኩል በጀማ ገባሮች ሸለቆ ያለው፣ ወይም ከዚያው ከተራራው ግርጌ በገደሉ ጥላ ሥር የሚኖረው ገበሬ ግን ላይሰማው ይችላል። የሦስት ሜትር ሞገድ የገደል አፍ ላይ ጎንበስ ቢልም እስከ ታች አይወርድም።

የኤፍ ኤም ጥራትና የማሰራጫው ርካሽነት የማይካድ ነው። ነገር ግን በካርታ ላይ በኮምፓስ የተሰመረ ክብ፣ በውስጡ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማል ማለት አይደለም፤ በመንዝ ግን ከቶ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ በምሥራቅ አማራ ቆላዎች ሲደርስ እንደታየው፣ ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ብዙ ጊዜ ከታች ላለው ሰው ነው። አጭርና መካከለኛ ሞገድ ያረጀ ነው ተብሎ ከመዘጋቱ በፊት፣ ማን ያለ ድምፅ እንደሚቀር መታወቅ ይኖርበታል።

ይህንም ለማወቅ የሚያስፈልገው ሥራ ከባድ አይደለም። አንድ ተቀባይ፣ የመስክ ጥንካሬ መለኪያና የቅየሳ ካርታ ይዞ ከመሐል ሜዳ ቁልቁለቱን መውረድ፤ በየመንደሩ እኩለ ቀንና ማታ እየለኩ መመዝገብ፤ ጥላው የወደቀበትን ቦታ በቀለም መለየት፤ ለዚያም ከማዶው ሸንተረር ላይ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ትንሽ ተቀባይ ማሰራጫ ይበቃ እንደሆነ፣ ወይስ አጭሩ ሞገድ ሳይዘጋ መቆየት እንዳለበት በአሐዝ አስልቶ ማቅረብ ነው።